ሦስተኛው ጎማ በጨው ሜዳ ላይ

ከሶልት ሌክ ሲቲ ተነሥቶ በኢንተርስቴት 80 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ የሚያቀና መንገደኛ፣ ታላቁን የጨው ሐይቅ በስተቀኙ አልፎ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ፣ የዩታና የኔቫዳ ግዛቶች ወደሚዋሰኑባት ወደ ዌንዶቨር ከተማ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የቦንቪልን የጨው ሜዳ ያገኛል። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ በ1,286 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ወደ 120 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው፣ ሣርም ሆነ ቁጥቋጦ የማይበቅልበት ነጭ መሬት ሲሆን፣ የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሐይቅ ቅሪት ነው። ቦንቪል ተብሎ የሚጠራው ያ ጥንታዊ ሐይቅ በገነነበት ዘመን ወደ 50,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍንና በአንዳንድ ስፍራ ከ300 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ነበር፤ አየሩ እየሞቀና እየደረቀ ሲሄድ ውኃው ሸሽቶ የተሸከመው ማዕድን ከዝቅተኛው ስፍራ ላይ ቀረ። በዙሪያው ባሉት ተራሮች ወገብ ላይ ማዕበል የቆረጣቸው እርከኖች ዛሬም ከመንገዱ ላይ ቁልጭ ብለው ስለሚታዩ፣ የሐይቁን ጥልቀት ለመገመት መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም።

የአሳሌን የጨው ሜዳ በአፋር ምድር ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ስፍራ ሲመለከት እንግዳነት ላይሰማው ይችላል፤ ሆኖም ሁለቱ በመልክ እንጂ በአፈጣጠርም በአቀማመጥም አይገናኙም። አሞሌ እየተጠረበ በግመል የሚጫንበት የአሳሌ ጨው የቀይ ባሕር ውኃ ወደ ስምጡ ገብቶ በመድረቁ የተገኘ ሲሆን ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ የቦንቪሉ ግን መውጫ ያጣ የወንዝና የዝናብ ውኃ ትቶት የሄደ የደጋ ጨው ነው። ይህ የከፍታ ልዩነት ለጂኦሎጂ ባለሙያ ብቻ ሳይሆን ኋላ ላይ እንደሚታየው ለሞተር ሠራተኛም ትርጉም አለው።

የጨው ሜዳው በየዓመቱ ራሱን ያድሳል። በክረምት ወራት የሚወርደው ዝናብና በረዶ፣ ከሥርም የሚመነጨው ጨዋማ ውኃ፣ ሜዳውን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያጥለቀልቀዋል፤ ነፋሱ ይህን ስስ ውኃ ወዲያና ወዲህ እየገፋ ገጹን ይደለድላል፤ ፀደይ አልፎ በጋ ሲገባ ውኃው ይተንንና አዲስ የጨው ንጣፍ ይቀራል። ንጣፉ ሲደርቅ እየተኮማተረ ስለሚሰነጠቅ በስንጥቆቹ አፍ ላይ ጣት የሚያህል ከፍታ ያላቸው የጨው ጠርዞች ይበቅላሉ፤ ሜዳው በሙሉ ማዕዘናቸው የበዛ ሰቆች የተነጠፉበት መስሎ የሚታየውም በእነዚህ ጠርዞች ምክንያት ነው። ለፍጥነት ውድድር ከመዋሉ በፊት ከባድ ብረት በተሽከርካሪ እየተጎተተ ጠርዞቹ ይላጫሉ፤ ከዚያም ነጂው ከነጭነቱ የተነሣ አቅጣጫ እንዳይጠፋበት ምልክት ይሰመርለታል። ልጩ ያረፈበት መስመር ከሩቅ ሲያዩት መስታወት ይመስላል፤ ጎንበስ ብሎ በእጁ ለሚዳስሰው ሰው ግን የሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ያህል ይከረክራል፣ ጠዋት ጠዋትም ይረጥባል።

በዚህ ሜዳ ላይ በሞተር መፍጠን የተጀመረው በ1914 ቴዲ ቴዝላፍ ቤንዝ መኪናውን ባስኬደበት ጊዜ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ በመስከረም 1935 እንግሊዛዊው ማልኮልም ካምቤል በመኪና በሰዓት 300 ማይልን፣ ማለትም 483 ኪሎ ሜትርን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ካለፈ በኋላ የስፍራው ስም ዓለም አቀፍ ሆነ። ከ1949 ጀምሮ የደቡብ ካሊፎርኒያ የሰዓት መዝጋቢዎች ማኅበር በየነሐሴው የሚያዘጋጀው የፍጥነት ሳምንት፣ የብዙ ሚሊዮን ዶላር ባለቤቶችንና ጓሮአቸው ውስጥ በትርፍ ሰዓታቸው የሚሠሩ መካኒኮችን በአንድ ተራ የሚያሰልፍ ጉባኤ ነው። የመኪናዎቹ ታሪክ በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። እዚህ የሚነሣው ግን ከተሰላፊዎቹ መካከል በቁጥር ጥቂት፣ በቅርጽም እንግዳ የሆነው አየር ሰንጣቂው ሳይድካር ነው።

ሳይድካር ማለት በሞተር ብስክሌት ጎን በጠንካራ ክንድ የሚያያዝ አንድ ተጨማሪ ጎማ ያለው አካል ነው። በተለመደው አገልግሎቱ ሰው ወይም ዕቃ ይጫንበታል፤ በዙር እሽቅድድም ደግሞ ተሳፋሪው በየመታጠፊያው ሰውነቱን እያዘነበለ ተሽከርካሪው እንዳይገለበጥ ሚዛን ይጠብቃል። በቀጥታ መስመር የፍጥነት ክብረ ወሰን ግን መታጠፊያ የለምና ተሳፋሪው ሥራ ፈት ነው፤ ስለዚህ እርሱ ቀርቶ ጎማው ብቻ ቀረ። ጎማው እንዲቀር ያደረገው ደንቡ ነው፤ በዓለም አቀፉ የሞተር ብስክሌት ፌዴሬሽን አመዳደብ መሠረት በዚህ ምድብ የሚመዘገብ ተሽከርካሪ ሦስት ጎማ ኖሮት በመሬት ላይ ሁለት የተለያዩ ፈለጎችን መተው አለበት። ሦስተኛው ጎማ አይገፋም፣ ብዙ ጊዜም አያቆምም፤ ክብደትን፣ የመንከባለል እክልንና የአየር ግጭትን ብቻ ጨምሮ፣ እነዚህንም ሁሉ በአንድ ወገን ላይ ይጭናል። ለፍጥነት አንዳች የማይሰጥ፣ ከሌለ ግን ተሽከርካሪውን ከነስሙ የሚያሳጣ አካል ስለሆነ፣ የሠሪው ጥበብ ሁሉ የሚፈተነው በእርሱ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

የዚህን ተሽከርካሪ ታሪክ ተከትሎ የሚጓዝ ሰው ቦንቪል ከመድረሱ በፊት ሁለት የአስፋልት መንገዶችን መጎብኘት ይኖርበታል። የመጀመሪያው በኒው ዚላንድ ከክራይስትቸርች ከተማ አጠገብ በስዋናኖዋ የሚያልፈው ትራም ሮድ የተባለ ቀጥ ያለ የገጠር መንገድ ነው። ሐምሌ 2 ቀን 1955፣ በዚያ አገር ክረምት መካከል፣ እርጥበት ባልለቀቀው በዚህ ጠባብ መንገድ ላይ ራስል ራይት በቪንሰንት ሞተር ብስክሌት 297 ኪሎ ሜትር ከግማሽ በላይ በሰዓት ሲያስመዘግብ፣ ባልደረባው ቦብ በርንስ ሳይድካር በገጠመ ቪንሰንት 262 ኪሎ ሜትር በሰዓት ደረሰ፤ ሁለቱም በየምድባቸው የዓለም ክብረ ወሰን ሆኑ። በበግ ግጦሽ መካከል የሚያልፍ የገበሬ መንገድ በአንድ ቀን ሁለት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ማስተናገዱ ዛሬ ላይ ሆኖ ሲታይ ድፍረትም ቸልተኝነትም ይመስላል፤ የቆራጥነቱን ያህል ዕድልም እንደረዳቸው መካድ አይቻልም።

ሁለተኛው መንገድ በጀርመን ከሙኒክ ወደ ኢንጎልሽታት የሚወስደው አውቶባን ነው። ከስዋናኖዋው ቀን ሦስት ወር ብቻ እንዳለፈ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1955፣ ዊልሄልም ኖል የቢ.ኤም.ደብሊው ፋብሪካ ባዘጋጀው ባለ 500 ሲ.ሲ. ሳይድካር በሰዓት 280.2 ኪሎ ሜትር ሄዶ የበርንስን ክብረ ወሰን ወሰደ። የኖል ተሽከርካሪ ሰውነቱ በሙሉ በአንድ አየር ሰንጣቂ ቀፎ የተሸፈነ ሲሆን፣ ሦስተኛው ጎማ ደግሞ ለብቻው በተሠራለት ትንሽ ቀፎ ውስጥ ገብቶ በክንድ ጎኑ ላይ ተያይዟል። የዚህን ትርጉም ለመረዳት ኤርንስት ሄነ በ1937 በዚያው ፋብሪካ፣ አየር በሚያምቅ መሣሪያ በታገዘ ባለ 500 ሲ.ሲ. ሞተርና በቀፎ በተሸፈነ ባለ ሁለት ጎማ ብስክሌት፣ 279.5 ኪሎ ሜትር በሰዓት ደርሶ ለ14 ዓመታት ያልተነካ ክብረ ወሰን እንዳቆመ ማስታወስ ይበቃል፤ በ18 ዓመት ልዩነት በዚያው የሞተር መጠን ሦስተኛ ጎማ የተሸከመው ተሽከርካሪ ባለ ሁለት ጎማውን በልጦ ተገኘ። በርንስና ራይት በ1956 ቪንሰንቶቻቸውን ጭነው ቦንቪል ድረስ የሄዱት የገጠር መንገዱም፣ የቀድሞው የተሽከርካሪ ቅርጻቸውም ከዚህ በኋላ እንደማይበቃቸው ስለተረዱ ይመስላል።

አስፋልቱ ለምን አልበቃም የሚለው ጥያቄ ወደ ቀፎው ጉዳይ ያመጣል። አየርን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበት ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር በሦስት ብዜት ስለሚያድግ፣ ፍጥነትን በእጥፍ ለማሳደግ ስምንት እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል፤ ከ250 ወደ 280 ኪሎ ሜትር ለመድረስ እንኳ አርባ ከመቶ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ማግኘት ግድ ነው። ይህን ያህል ጉልበት ከአንድ ሞተር ከማውጣት የአየሩን እክል መቀነስ ስለሚቀል፣ ሠሪዎቹ የነጂውን አቀማመጥ ሳይቀር ለወጡ። ጉስታቭ ባውም በ1950ዎቹ ለጀርመኑ ኤን.ኤስ.ዩ. ኩባንያ በነደፋቸው ትናንሽ ተሽከርካሪዎች ነጂው በጀርባው ተንጋልሎ እግሩን ወደፊት ዘርግቶ እንዲነዳ አድርጎ፣ ነፋስ የሚገጥመውን ፊት በእጅጉ ዝቅ አደረገው፤ የዛሬዎቹ ቀፎ ለበስ ተሽከርካሪዎች አብዛኞቹ የሚከተሉት ይህን አቀማመጥ ነው። እንዲህ ያለው ረጅም ተሽከርካሪ ፍጥነት ለመሰብሰብም፣ ከዚያ በኋላ ለመቆምም ብዙ ኪሎ ሜትር ያስፈልገዋልና በአውቶባንና በገጠር መንገድ ሊስተናገድ አልቻለም።

ረጅሙ የጨው መስመር ግን የራሱን ዋጋ ያስከፍላል፤ ከቦንቪል የተመለሰን ሳይድካር እንደገና መሥራት የሚጀምረው በማጠብ ነው። ጨው በጎማዎቹ እየተረጨ በቀፎው ሆድ ውስጥ ስለሚጋገር፣ ሲደርቅ እንደ ኖራ ጠጥሮ በእንጨት ሽብልቅ ካልተፈለፈለ አይለቅም፤ ብረት ከተጠቀሙ ቀለሙንና አልሙኒየሙን ይቧጭራል። በኃይለኛ የውኃ ግፊት ማጠብም ጨዋማውን ውኃ ወደ ኩሽኔታዎች ውስጥ ያስገባል፤ ኩሽኔታ የሚሽከረከርን ዘንግ በብረት ኳሶች ላይ የሚያንሳፍፍ ቀለበት ሲሆን፣ አንዴ ጨው ከገባበት በዘይት ተነክሮ እንኳ ከዝገት አይድንም። ስለዚህ ለብ ያለ ውኃ በዝግታ እየፈሰሰ፣ ቀፎው ወርዶ፣ ካቴናው ወጥቶ፣ ጎማዎቹ ከቸርኬያቸው ተለይተው ይታጠባሉ። ከታጠበም በኋላ የደረቀ የመሰለው ብረት ደመናማ ቀን ሲመጣ ያልባል፤ ጨው ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው፣ ላቡ የታየበት መገጣጠሚያ ገና ጨው የያዘ መሆኑን ያመለክታል። አልሙኒየም ከብረት ጋር በተነካካበት ስፍራ ሁሉ ጨዋማው እርጥበት እንደ ባትሪ ውኃ እያገለገለ አልሙኒየሙን ነጭ ዱቄት ያደርገዋልና፣ እያንዳንዱ ብሎንና ዳዶ ተፈቶ፣ ተጠርጎ፣ ቅባት ተቀብቶ ይመለሳል።

ከዚያ ሻንሲው፣ ማለትም ከብረት ቱቦ የተበየደው አጽም፣ ይመረመራል። ምርመራው ቀላልና ዓይን የሚይዝ ነው፤ በተጠረገው ብየዳ ላይ ቀይ ቀለም ያለው ቀጭን ፈሳሽ ይቀባና ጥቂት ከተቆየ በኋላ በጨርቅ ይጠረጋል፣ በላዩም ነጭ ዱቄት ይነፋበታል፤ ስንጥቅ ካለ በውስጡ የተደበቀው ቀይ ፈሳሽ በዱቄቱ እየተመጠጠ ይወጣና ከፀጉር የቀጠነ ቀይ መስመር ቀስ እያለ ይሰመራል። በሳይድካር ላይ ይህ መስመር በብዛት የሚጠበቀው ክንዱ ከሻንሲው ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ነው፤ ሦስተኛው ጎማ በጨው ጠርዝ ላይ በዘለለ ቁጥር ክንዱ እየተወዛወዘ ያንኑ ብየዳ ሲያደክመው ይውላልና። ስንጥቁን ብቻ ሞልቶ መበየድ የሚያዋጣው ለጊዜው ነው፤ ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ስፍራውን ቆርጠው ጥለው ክንዱን በሦስት ማዕዘን ደጋፊ ቱቦዎች እንደ አዲስ ያስሩታል።

እዚህ ላይ የሥራው ዋና ነገር ይመጣል። ሳይድካር በተፈጥሮው ቀጥ ብሎ አይሄድም። የሚገፋው የኋላ ጎማ ከጠቅላላው ክብደት ማዕከል ወደ አንድ ወገን ፈቀቅ ብሎ ስለሚገኝ፣ ነጂው ጋዝ ሲሰጥ ተሽከርካሪው ወደ ሳይድካሩ ወገን ያዘነብላል፣ ጋዝ ሲለቅ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ይሸሻል፤ የሦስተኛው ጎማና የቀፎው የአየር እክልም ያለማቋረጥ ወደ ጎን ይጎትተዋል። ይህን ለማቃናት ሠሪው ሦስተኛውን ጎማ ከቀጥታው መስመር በጥቂቱ ወደ ብስክሌቱ አፍንጫ አዙሮ ያስረዋል፣ ብስክሌቱንም ከሳይድካሩ ወደ ውጭ በጥቂቱ ያዘነብለዋል፣ የሦስተኛውን ጎማ አክስልም ከኋላው ጎማ አክስል ቀደም ያደርገዋል። ልኩ የሚወሰደው በሁለት ረጃጅም ቀጥ ያሉ ብረቶችና በሲባጎ ሲሆን፣ በፊትና በኋላ ጫፍ መካከል ያለው ልዩነት በሚሊ ሜትር ይቆጠራል።

ችግሩ የአየሩ ጉተታ ከፍጥነቱ ጋር በሁለት ብዜት እያደገ ሲሄድ፣ የዞረው ጎማ የሚሰጠው የማቃናት ኃይል ግን በዋናነት በላዩ ባለው ክብደት ስለሚወሰን በዚያ መጠን አለማደጉ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ኃይሎች እኩል የሚሆኑት በአንድ ፍጥነት ላይ ብቻ ነው፤ ሠሪው የጎማውን አዙሪት በሚሊ ሜትር በወሰነ ጊዜ ተሽከርካሪው በየትኛው ፍጥነት ላይ በራሱ ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ መወሰኑ ነው፤ ከዚያ በታችና ከዚያ በላይ ያለውን ግን ነጂው በክንዱ ይከፍለዋል። አዙሪቱ ከበዛ ጎማው በጨው ላይ እየተፋቀ ጉልበት ያባክናል፤ ከሜዳው ሲመለስ የጎማው አንድ ጠርዝ ብቻ ተላልጦ መገኘቱ የዚህ ማስረጃ ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር እንደገና የመሥራትን ጠባይ በሙሉ ይገልጻል፤ ባለፈው ዓመት በ240 ኪሎ ሜትር ቀጥ ብሎ የሄደ ተሽከርካሪ በክረምቱ ሞተሩ ጎልብቶ 280 እንዲሄድ ከታሰበ፣ ሞተሩ ብቻ ተለውጦ የተቀረው እንዳለ ሊቆይ አይችልም፣ የጎማው አዙሪት፣ የክንዱ ርዝመት፣ የቀፎው ጭራ ሁሉ ዳግም ይሰላል። ኒው ዚላንዳዊው በርት መንሮ በ1920 የተሠራውን አንድ ኢንዲያን ብስክሌት ከአርባ ዓመት በላይ ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ በ1967 በቦንቪል ከ295 ኪሎ ሜትር በላይ ያስሄደው፣ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ያለፈው ሥራ ሁሉ እንደገና የሚጠየቅ መሆኑን ስለተቀበለ ነው፤ የእርሱ ግን ባለ ሁለት ጎማ ነበርና ይህ የጎን ጉተታ አልነበረበትም።

ቀፎውን የሚሠሩት እጆች የባትላሜራ እጆች ናቸው። አንዳንዶች ዛሬ ፋይበር ግላስ ቢመርጡም የአልሙኒየም ላሜራ አሁንም ወዳጅ አላጣም፤ ሲጎዳ መጠገን፣ ሲያስፈልግም ቆርጦ መቀየር ይቻላልና። ላሜራው አሸዋ በተሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ ተደርጎ በእንጨት መዶሻ እየተመታ ይጎደጉዳል፣ ከዚያም በሁለት ተደራራቢ የብረት መንኮራኩሮች መካከል ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ይለሰልሳል። አልሙኒየም በተመታ ቁጥር እየጠነከረ ሊሰነጠቅ ስለሚደርስ በመካከሉ በእሳት ማለስለስ ያስፈልጋል፤ ይሁንና እንደ ብረት ፍም መስሎ ስለማያስጠነቅቅ ሙቀቱ ካለፈ ሳይታሰብ ቀልጦ ይወርዳል። ለዚህም የቆየ ዘዴ አለ፤ ላሜራው ላይ በደረቅ ሳሙና መስመር ተሰምሮ እሳቱ ከጀርባ በኩል ይለቀቅበታል፣ ሳሙናው ጠቁሮ ሲታይ ልኩ ደርሷልና እሳቱ ይነሣል።

የሳይድካር ቀፎ ከባለ ሁለት ጎማው የሚከብደው ግራና ቀኙ የማይመሳሰል በመሆኑ ነው። የጎን ነፋስ ከብስክሌቱ ወገን ሲመጣና ከሦስተኛው ጎማ ወገን ሲመጣ የሚያሳድረው ግፊት አንድ አይደለም፤ የግፊቱ ማዕከል ከክብደቱ ማዕከል ወደ ፊት ካለፈ ደግሞ አፍንጫው በነፋስ እየተገፋ ይዞራል፤ ረጅሙ ጭራና በላዩ የሚቆመው ክንፍ የሚጨመሩት ማዕከሉን ወደ ኋላ ለመሳብ ነው። ብስክሌቱንና ሦስተኛውን ጎማ የሚያገናኘው ክንድም እንደ አውሮፕላን ክንፍ በቀጭን ሽፋን ይለበሳል፤ ሆኖም የክንፍ ቅርጽ ያለው ነገር ፊቱ በጥቂት ዲግሪ ቀና ካለ ማንሳት ስለሚጀምር፣ ቀላሉን ሦስተኛ ጎማ ከመሬት እንዳያነሣው ልኩ በጥንቃቄ ይጠበቃል። እንዲህ ተደርጎ አየሩ የሦስተኛውን ጎማ መኖር እስኪረሳ ድረስ ይደከማል፤ ደንቡ ግን አይረሳውም።

ሞተሩ ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር በብዙ መጻሕፍት የተጻፈበት ስለሆነ ማውሳት የሚያሻው በከፍታው ምክንያት የሚሆነው ብቻ ነው። በቦንቪል ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል 12 ከመቶ ገደማ የሳሳ ሲሆን፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ ጉድለቱ ወደ 20 ከመቶ ይጠጋል። ሞተር የሚተነፍሰው አየር ሲሳሳ ጉልበቱ ይጎድላል፤ በዚያው ልክ ደግሞ ቀፎው የሚሰነጥቀው አየር ይቀላልና ነገሩ የተመጣጠነ ይመስላል። እንዳይመጣጠን የሚያደርገው ጨው ነው፤ ለስላሳና እርጥብ የሆነው ገጽ በጎማዎች ላይ የሚያሳድረው እክል ከፍታውን አይቶ አይቀንስም፣ ሳይድካር ደግሞ ይህን እክል በሦስት ጎማ ይቀበላል። አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ ያለው ሞተር በዚህ ስፍራ ተወዳጅ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሞተሩን ቆላ ያለ ያህል እያስተነፈሰ ቀፎውን ግን በደጋ አየር ያስኬደዋል። ብዙዎች ሜታኖል የተባለውን የአልኮል ነዳጅ የሚመርጡትም የማቀዝቀዝ ጠባዩ በተዘጋ ቀፎ ውስጥ ላለ ሞተር ስለሚበጅ ነው፤ ዋጋው ግን ከቤንዚን ከሁለት እጥፍ በላይ መጠጣቱና ነበልባሉ በፀሐይ ብርሃን አለመታየቱ ነው፤ በዚህም ምክንያት ነጂው እሳት የሚቋቋም ልብስ ለብሶ፣ በብዙ ጠፍር ታስሮ፣ የእሳት ማጥፊያ ቧንቧ ወደ ሞተሩም ወደ እርሱም ተዘርግቶለት ይገባል።

በውድድሩ ስፍራ የሚደረገው ፍተሻ የዚህን ሁሉ ሥራ ውጤት ከድንኳን ሥር ያወጣል። ፈታሾቹ ቀፎውን ያስወልቃሉ፣ ብየዳውን በመብራት ያያሉ፣ ነጂው ጠፍሩን ፈቶ ያለ ማንም ርዳታ መውጣት መቻሉን በፊታቸው እንዲያሳይ ያደርጋሉ። ለማቆሚያ በሚውለው ፓራሹት ላይም ሳይድካር የራሱ ጣጣ አለው፤ የክብደቱ ማዕከል ከብስክሌቱ ወገብ ወደ ጎን ስለሚያዘነብል ፓራሹቱ በብስክሌቱ መካከል ከታሰረ ሲከፈት ተሽከርካሪውን ያዞረዋል፣ ስለዚህ ማሰሪያው ሲያዩት የተዛባ ወደሚመስል ስፍራ ይዛወራል። ብዙ ተመልካች የአሠራር ጉድለት የሚመስለው ይህ መዛባት፣ ሠሪው ጉዳዩን እንደገባው የሚያሳይ የመጀመሪያው ምልክት ነው።

ክብረ ወሰን በአንድ ሩጫ አይጸድቅም። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንብ ነጂው በሁለት ሰዓት ውስጥ በሁለቱም አቅጣጫ ሮጦ አማካዩ ይያዛል፣ ነፋስ አንዱን ሩጫ ቢረዳ ሌላውን እንዲጎዳ ማለት ነው፤ በደቡብ ካሊፎርኒያው ማኅበር ደንብ ደግሞ ከነባሩ ክብረ ወሰን የፈጠነ ተሽከርካሪ ወደ ተዘጋ አጥር ገብቶ ለአራት ሰዓት ብቻ ሊነካ ይፈቀድለትና በማግስቱ ማለዳ ዳግም ይሮጣል፣ የሁለቱም አማካይ ይወሰዳል። ማለዳው የተመረጠው ነፋሱ ሳይነሣ በፊት ስለሆነ ነው፤ ጨው ግን በማለዳ ይረጥባልና ለሳይድካር የተለየ ፈተና ያመጣል። ባለ ሁለት ጎማው በአንድ ፈለግ ላይ ሲሄድ ሳይድካር በሁለት ፈለግ ይሄዳል፤ ብስክሌቱ ቀዳሚዎቹ በጠቀጠቁት ደረቅ መስመር ላይ ሳለ ሦስተኛው ጎማ ከአንድ ሜትር በላይ ርቆ ማንም ያልረገጠው እርጥብ ጨው ሊያጋጥመው ይችላል፣ ያን ጊዜ በጋራዥ ውስጥ በሚሊ ሜትር የተለካው ሚዛን ሁሉ ለጥቂት ሰከንዶች ይፈርሳል። ነጂው መሪውን በኃይል ከመለሰው ይባባሳል፤ የሚመከረው ጋዙን በዝግታ ማላላት ሲሆን፣ እርሱም እንደተባለው ተሽከርካሪውን ወደ ተቃራኒው ወገን ይመራዋልና የትኛውን ያህል ማላላት እንደሚገባ የሚያውቀው ያንኑ ተሽከርካሪ ብዙ የነዳ ሰው ብቻ ነው።

ሠሪዎቹ ሊያስተካክሉት የማይችሉት ነገር ቢኖር ሜዳው ራሱ ነው። ጨው እየሳሳና ለውድድር የሚሆነው ርዝመት እያጠረ መምጣቱን ተወዳዳሪዎቹ ለአሥርት ዓመታት ሲናገሩ ቆይተዋል፤ በአንድ ወቅት ከ20 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መስመር ይሰመር በነበረበት ስፍራ አሁን ከዚያ በእጅጉ ያነሰውን ማግኘትም እንደ ዕድል ይቆጠራል ይላሉ። በአቅራቢያው ከጨዋማው ውኃ ለማዳበሪያ የሚሆን ፖታሽ የሚያወጣው የማዕድን ሥራ በዋናነት ተወቃሽ ሲሆን፣ ከ1997 ጀምሮ ከሥራው የሚተርፈውን ጨዋማ ውኃ በክረምት ወደ ሜዳው መልሶ የማፍሰስ ሙከራ ተደርጓል። መልሶ የፈሰሰው ጨው የት እንደሚሄድና ምን ያህሉ ንጣፍ ሆኖ እንደሚቀር ግን ማዕድን አውጪዎቹ፣ ተወዳዳሪዎቹና ተመራማሪዎቹ እስካሁን አልተስማሙበትም። የፍጥነት ሳምንቱ በ2014 በዝናብ፣ በ2015 በጨው መበላሸት፣ በ2022 ደግሞ በውኃ መጥለቅለቅ ምክንያት ተሰርዟል፤ ሜዳውን የሚያድሰው ያው ውኃ ጊዜውን ሳይጠብቅ ሲመጣ ውድድሩን ያስቀራል።

እንዲህ ያለ ዓመት በሚመጣበት ጊዜ ለአንድ ፍጥነት ተለክቶ የተሠራው ሳይድካር የሚሄድበት አጥቶ ይቆማል። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የኤል ሚራጅ ደረቅ ሐይቅ መስመሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ረጅምና ከባድ የሆነው ቀፎ ለበስ ሳይድካር ወደ ታሰበው ፍጥነት ሳይደርስ መስመሩ ያልቅበታል፤ መሬቱም ሸክላ እንጂ ጨው ስላልሆነ የጎማው አዙሪት እንደገና ይለካል። በደቡብ አውስትራሊያ የሚገኘው የጌርድነር ሐይቅ ጨው ለዚህ ሥራ የተሻለ ሲሆን ውድድሩ በአውስትራሊያ በጋ ማብቂያ ላይ ስለሚካሄድ ከቦንቪሉ ጋር አይጋጭም፤ ይሁንና ተሽከርካሪውን በመርከብ መላክ ያስፈልጋል። በዚህም ምክንያት አንዳንድ ሠሪዎች እንደገና ሲሠሩ ሦስተኛው ጎማ ከነክንዱ በአራት ብሎን ተፈትቶ በኮንቴይነር ውስጥ ከቀፎው ጎን እንዲተኛ አድርገው ያበጁታል፤ ብሎኖቹ የሚገቡባቸው ቀዳዳዎችም አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይላወሱ ሆነው በቶርኖ ይወጣሉ፣ ክንዱ በሌላ አገር ሲገጠም የሲባጎው ልክ እንዳይዛባ።